በጎ ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከአሜሪካም ጭምር ካሉ አንባቢዎቻችን ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ሁሉም የሚዞሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት፣ በሰው አገር፣ በደመወዝም ሆነ ያለ ደመወዝ መሥራት። በወንፈልና በደቦ ላደገ ሰው ያለ ክፍያ መሥራት ብርቅ አይደለም። ማጭዱን ይዞ ጎረቤቱ ማሳ የገባን ሰው «ፈቃድህን አሳየኝ» የሚለው የለም። ድንበር ሲሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙ አገሮች ገንዘብ ሳይቀበል የሚያገለግለውን የውጭ ዜጋም እንደ ሠራተኛ ነው የሚቆጥሩት። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ችግሮች አብዛኞቹ ይህን ካለማወቅ የመጡ ናቸው።

«ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ነርስ ነኝ። በዲግሪ ከተመረቅሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ አራቱን ዓመት የሠራሁት ድንገተኛ ክፍል ነው። ውጭ አገር በእርዳታ ድርጅት መሥራት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ መጀመሪያ በነፃ ካላገለገልሽ አይቀበሉሽም ይሉኛል። እውነት ነው? ምን ላዘጋጅ?»
ነርሷ፣ ከፍኖተ ሰላም

እኅታችን፣ ጓደኞችሽ ተሳስተዋል። ስድስት ዓመት በሽተኛ ያነሳ እጅ በነፃ መጀመር የለበትም። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን፣ በአጭር ስሙ ኤምኤስኤፍ፣ ከነርስ የሚጠይቀው ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ነው። የሚመድበው በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 ወር ሲሆን ደመወዝ ይከፍላል፣ ቲኬቱንም መኖሪያውንም ይችላል። ሁለተኛው በር የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን፣ ቦን ከተማ ውስጥ ነው። ስሙ በጎ ፈቃድ ይሁን እንጂ ለኑሮ የሚሆን ወርኃዊ አበል፣ የጤና መድንና የጉዞ ወጪ አለው። ከ18 እስከ 26 ዓመት ያሉት በወጣት ምድብ ይገባሉ። 27 ዓመት የሞላቸውና ቢያንስ 3 ዓመት የሠሩት በስፔሻሊስት፣ 35 ሞልቷቸው 15 ዓመት የሠሩት ደግሞ በኤክስፐርት ምድብ ይመዘገባሉ። አንቺ መካከለኛው ውስጥ ነሽ። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ ነው። ዓለም አቀፍ ምደባ ማለት ደግሞ ከዜግነትሽ አገር ውጭ ማለት ስለሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚወጣው ክፍት ቦታ አንቺን የሚመለከተው በአገር ውስጥ ምድብ ብቻ ነው።

ከጎጃም የሚሄድ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በችሎታ አይደለም፤ በዘመን አቆጣጠር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ «ከሐምሌ 1 ቀን 2010 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም» ይላል እንበል። ትክክለኛው ትርጉሙ ከጁላይ 8 ቀን 2018 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2021 ነው። ዓመቱን ሳትቀይሪ ከላክሽው፣ ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ ያለው መልማይ በ2010 ጀምረሽ በ2013 ያቆምሽ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሥራ ፈትተሽ የተቀመጥሽ ያስመስለዋል። ዲግሪሽ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ሳትመረቂ ሥራ የጀመርሽ ትመስያለሽ። በደፈናው 7 ወይም 8 መደመርም ያሳስታል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። መስከረም 1 ራሱ አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ ሲመጣ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ስለዚህ ደብዳቤው ሲጻፍ ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን እንዲሰፍርልሽ ጠይቂ።

ቀጥሎ ስምሽ። በዲግሪው፣ በሙያ ፈቃዱ፣ በፋይዳውና በፓስፖርቱ ላይ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ የቪዛ ክፍሉ ሁለት ሰው አድርጎ ሊያይሽ ይችላል። ሌሎቹን ወረቀቶች ወደ ፓስፖርቱ ማስጠጋት ይቀላል። ፓስፖርት ገና ካላወጣሽ ግን በዲግሪሽ ላይ ባለው አጻጻፍ አስወጪ። ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» ሲሉሽ ፓስፖርትሽ በዚያ ሣጥን ውስጥ የጻፈውን ብቻ ገልብጪ። አንዱ ቅጽ ላይ የአባትሽን፣ ሌላው ላይ የአያትሽን ስም ማስገባት የብዙ ሰው ቲኬትና ቪዛ እንዳይገጣጠም አድርጓል።

ልምድ ደብዳቤው «በነርስነት በቅንነት አገልግለዋል» ብቻ ካለ ምስክርነት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ኃላፊሽ ስንት አልጋ ባለው ክፍል እንደሠራሽ፣ በአንድ ፈረቃ ስንት በሽተኛ እንደምትቀበዪ፣ ስንት ጀማሪ ነርስ በሥርሽ እንዳለ፣ አንቺ ለሌሎች ምን ሥልጠና እንደሰጠሽ ይጻፍልሽ። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ። እርዳታ ድርጅቶች ከውጭ የሚያመጡትን ነርስ የሚፈልጉት መርፌ እንድትወጋ አይደለም፤ ያንን የሚሠራ የአገሩ ሰው አለ። የሚፈልጉት ክፍል የምትመራ፣ መድኃኒት የምትቆጣጠርና የምታሠለጥን ነው።

ወረቀቶቹ በአንድ ቀን አይሰበሰቡም። ከክልሉ ጤና ቢሮ የታደሰ የሙያ ፈቃድና ጉድ ስታንዲንግ (በሙያሽ ጥፋት እንደሌለብሽ የሚመሰክር ደብዳቤ)፣ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተረጋገጠ ዲግሪ፣ ቀጥሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም፣ ከፌዴራል ፖሊስ በጣት አሻራ የሚሰጥ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያስፈልጋሉ። የፖሊሱን ወረቀት መጨረሻ ላይ አውጪው፤ ብዙ ኤምባሲዎች የቆየ አይቀበሉም። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ አንድ ጊዜ ከተወጋሽ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ የሚጸናው ግን ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በጉዞ ዋዜማ ተከትቦ ከድንበር የተመለሰ ሰው ጥቂት አይደለም።

ቋንቋ ላይ እንዳትታለዪ። እንግሊዝኛ ለደቡብ ሱዳን ይበቃል፤ ቻድ፣ ኒጀር፣ መካከለኛው አፍሪካና ኮንጎ ግን ፈረንሳይኛ ይጠይቃሉ። ፈረንሳይኛ የምትችል ነርስ ደግሞ በቀላሉ አትገኝም። ለቃለ መጠይቅ የእርዳታ ሥራን ዝቅተኛ መለኪያዎች የያዘውን የስፌርን መመሪያ አንብቢ፣ በነፃ ይገኛል። በመጠለያ ጣቢያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የተከለለ ቦታ፤ እነዚህ በቃል የሚጠየቁ ናቸው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት መሆኑን አንቺ ከእኛ በተሻለ ታውቂዋለሽ። ቢሴፍ የሚባለውን የተባበሩት መንግሥታት የደኅንነት ኮርስም በነፃ ጨርሰሽ ሰርተፊኬቱን አያይዢ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ውል ፈርመሽ፣ ቪዛሽ ተመቶ ሳታዪ መልቀቂያ እንዳታስገቢ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ኤጀንሲም አያስፈልግሽም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ ከቤት ሠራተኝነት ውጭ ያለን ሥራ በራሱ ጥረት ያገኘ ሰው በቀጥታ እንዲቀጠር በር ይከፍታል፤ ውሉ ግን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል መጽደቅ አለበት።

«በሶሲዮሎጂ ከተመረቅሁ አንድ ዓመት አለፈኝ፤ 23 ዓመቴ ነው። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ድርጅት ታይላንድ ሄጄ እንግሊዝኛ በበጎ ፈቃድ እንዳስተምር ተቀብሎኛል። ቃለ መጠይቅ አልነበረም። ለፋይል ማስከፈቻ 350 ዶላር ላክ፣ በቱሪስት ቪዛ ትገባለህ፣ ከአየር ማረፊያ እንቀበልሃለን ይላሉ። አባቴ በሬ ሊሸጥልኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»
ተመራቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

በሬው ይቆይ።

የታይላንድ ሕግ ያለ ደመወዝ ለሚያገለግል የውጭ ዜጋም የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። በቱሪስት ቪዛ ገብተህ ክፍል ውስጥ ቆመህ ከተገኘህ የምትጠየቀው አንተ ነህ፣ ደላላው አይደለም። ይኸውም መምህር መሆኑ እውነት ከሆነ ነው። የካቲት 2017 ዓ.ም ላይ ሰው ተይዞ በኢንተርኔት ሌሎችን እንዲያጭበረብር ከሚገደድባቸው የምያንማር ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ጦር ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መንገዱ በአብዛኛው የሚጀምረው ልክ እንደ አንተ ነው፦ በስልክ የመጣ ሥራ፣ የባንኮክ ቲኬት፣ አየር ማረፊያ የሚቀበል ሰው፣ ከዚያ ወደ ድንበር የሚነዳ መኪና።

እውነተኛ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ ስለ አንተ የሚመሰክሩ ሰዎችን ይጠይቃል፣ የሚጽፍልህም በድርጅቱ ስም ከተከፈተ ኢሜይል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በምልመላ በየትኛውም ደረጃ ገንዘብ አይጠይቁም። ለማመልከቻም፣ ለሥልጠናም፣ ለፋይልም። በርግጥ ተሳታፊውን የሚያስከፍሉ ሕጋዊ ድርጅቶችም አሉ፤ የሆስፒታል መርከብ የሚያሠራው መርሲ ሺፕስ በጎ ፈቃደኞቹ የራሳቸውን ወጪ እንዲሸፍኑ ያደርጋል። እዚያ ግን ክፍያው በግልጽ የተጻፈ ነው፤ በሐዋላ በግለሰብ ስም ላክ የሚልህ የለም።

ሕጋዊው መንገድ ምን ይመስላል? እንግሊዝ ለበጎ አድራጎት ሠራተኞች የተለየ ቪዛ አላት። እስከ 12 ወር ድረስ ሲሆን ደመወዝ የለውም፤ መጠነኛ ወጪ ብቻ ይተካልሃል። ለማመልከት መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ድርጅት የስፖንሰርነት ምስክር ሊሰጥህ ይገባል። ይህ ምስክር የወረቀት ሰርተፊኬት ሳይሆን ቁጥር ነው፤ በፖስታ የተላከ ያማረ ወረቀት ካየህ ተጠራጠር። ፈቃድ ያላቸው ስፖንሰሮች ስም ዝርዝር በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ስለሆነ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም። ድርጅቱ አኖረዋለሁ ብሎ ካላረጋገጠልህ ደግሞ 1,270 ፓውንድ ለ28 ተከታታይ ቀናት በባንክ ሒሳብህ ውስጥ ሳይነካ መቆየት አለበት። ለአንድ ቀን ከዚያ ከወረደ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ብዙው ማመልከቻ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ዘመድ አበድሮ በ20ኛው ቀን ገንዘቡን ይወስዳል። ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ኢትዮጵያዊ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ግዴታ ነው፤ ምርመራውም የእንግሊዝ መንግሥት በተቀበለው ክሊኒክ ብቻ ነው የሚሠራው። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰውም ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ማገልገል ይችላል፣ ግን በድምሩ ከ30 ቀን አይበልጥም።

ለአንተ ዕድሜ ግን የሚቀርበው ጀርመን ይመስለናል። ቡንደስፍራይቪሊገንዲንስት የሚባለው የፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። በአረጋውያን መኖሪያ፣ በአካል ጉዳተኞች ማዕከል፣ በሆስፒታልና በመሳሰሉት ለ12 ወር ገደማ ታገለግላለህ፤ የኪስ ገንዘብና የጤና መድን አለው፣ ብዙ ቦታ መኝታና ምግብም ይጨመራል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፦ መጀመሪያ ተቀባዩ ተቋም፣ ቀጥሎ የተፈረመ ውል፣ ከዚያ የኤምባሲ ቀጠሮ። ጀርመንኛ ካልጀመርክ ግን ለማንም አትጻፍ። ሽማግሌ የምታጥበውና የምታበላው በምልክት ቋንቋ አይደለም። ቬልትቬርትስ የሚባለው ሌላው ፕሮግራም ከ18 እስከ 28 ዓመት ላሉ ነው። እዚያ በግል አትገባም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ አጋር ድርጅት ነው የሚልክህ፣ ስለዚህ መጀመሪያ እዚህ በድርጅቱ ውስጥ አገልግለህ መታወቅ ይጠበቅብሃል።

እስከዚያው ከደብረ ማርቆስ ሳትነቃነቅ የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት የሚሠራ ሥራ ያወጣሉ፤ ትርጉም፣ ጥናት፣ የመረጃ አደረጃጀት። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፣ ስትጨርስ ምስክር ወረቀት ይሰጥሃል። ኔት ሲጠፋ ምን ላድርግ እንደምትል እናውቃለን። ከመጀመርህ በፊት ለተቆጣጣሪህ መስመር የሚቋረጥበት አገር እንዳለህ ጻፍለት፤ ቀነ ገደብ ካመለጠ በኋላ የሚነገር ምክንያት ሰበብ ይመስላል።

«የተወለድኩት ሞጣ ነው፤ አሁን አሜሪካዊት ነኝ። ፋርማሲስት ነኝ፣ ባለቤቴም የጎጃም ልጅ ሲሆን መምህር ነው። በሐምሌና በነሐሴ መጥተን በነፃ ልናገለግል፣ ሁለት ሻንጣ መድኃኒትም ልናመጣ አስበናል። የቱሪስት ቪዛ ይበቃናል?»
ከአሜሪካ

የቱሪስት ቪዛ ለመጎብኘት ነው። ደግነቱ እናንተ አያስፈልጋችሁም። የአሜሪካ ዜግነት ስትወስዱ የኢትዮጵያ ዜግነታችሁ ቀርቷል፤ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተለየ መታወቂያ ሰጥቷል፤ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው ነው። (ለነርሷ ከነገርናት የቢጫ ወባ ካርድ ጋር አይምታታባችሁ፤ ያም ቢጫ ነው።) ይህን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ከመከላከያ፣ ከጸጥታ፣ ከውጭ ጉዳይና ከመሳሰሉት በቀር ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ስታወጡ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ፤ የድሮ ፓስፖርት ወይም የልደት ማስረጃ ካለ ነገሩ ያጥራል።

የሙያ ፈቃድ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ፈቃድ ሞጣ ላይ መድኃኒት አያሳድልም። ጊዜያዊ የሙያ ምዝገባ ለማግኘት ዲግሪሽን፣ የሥራ ፈቃድሽንና ጉድ ስታንዲንግሽን ከወራት በፊት መላክ አለብሽ። ጊዜው አጭር ከሆነ መደርደሪያው ኋላ ከመቆም ይልቅ ማሠልጠን ይሻላል፤ የመጋዘን አያያዝ፣ የጊዜ ማለፊያ ክትትል፣ ከሦስት የፋርማሲ ባለሙያ ጋር ለሁለት ሳምንት።

ሻንጣው ላይ ቁርጡን እንንገራችሁ። መድኃኒት ያለ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቅድመ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ፈቃዱ የሚጠይቀው የመድኃኒቱን ዝርዝር ከነ መጠኑ፣ የጊዜ ማለፊያውንና የተቀባዩን ጤና ተቋም ደብዳቤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እርዳታ ሆኖ የሚሰጥ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው ይላል። ከሐኪም የተለመነ ናሙናና ሰው ጀምሮ የተወው ጠርሙስ አይመጣም። ዕሽጉ ላይ ያለው ስምም የመድኃኒቱ የራሱ (ጄኔሪክ) ስም ይሁን፤ ጤና ጣቢያው የማያውቀው የንግድ ስም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ጊዜው ያልፋል፣ ማስወገዱም ወጪ ነው። መጀመሪያ ተቋሙን ምን አጣችሁ ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ አገር ውስጥ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ለመምህሩ ደግሞ፦ በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የአሜሪካ ዕረፍት ከጎጃም ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ክፍሉ ባዶ፣ መንገዱ ጭቃ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ካልተመቸው ከመምህራን ጋር በክረምት ሥልጠና ላይ ቢሠራ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት ምክንያት የመድን ውላችሁን በጥንቃቄ አንብቡ። የዜግነት አገራችሁ መንግሥት «አትሂዱ» ባለው አካባቢ የሚደርስ አደጋን ብዙ የጉዞ መድኖች አይሸፍኑም። ለጦርነት አካባቢ የሚሆንና በአውሮፕላን ማውጣትን የሚጨምር ውል ሌላ ዋጋ አለው። ባሕር ዳር ድረስ በአውሮፕላን መግባት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚወስነው የቀኑ ወሬ ነው፤ ተቀባዩ ተቋም ዛሬ አትምጡ ካለ አትከራከሩት።

«ባሕር ዳር ውስጥ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን የሚረዳ የአገር ውስጥ ማኅበር አስተባባሪ ነኝ። ሁለት የአውሮፓ ተማሪዎች ለስድስት ሳምንት መጥተው ከልጆቹ ጋር ሊጫወቱ፣ ለማኅበሩም ገንዘብ ሊሰጡ ይፈልጋሉ። ቪዛው ቱሪስት ነው። ገንዘቡ ያስፈልገናል። እንቀበል?»
አስተባባሪው፣ ከባሕር ዳር

አንድ ጥያቄ መልሰን እንጠይቅዎት፦ ከመርካቶ የመጣ የማያውቁት ወጣት ለስድስት ሳምንት ከልጆቹ ጋር ልዋል ቢልዎት፣ ገንዘብም ቢጨምርልዎት ይፈቅዱለታል? ካልፈቀዱለት፣ ፈረንጅ መሆኑ ምን ይለውጣል?

የልጆቹ ጉዳይ ይቅደም። ወላጅ ያጣ ልጅ ፈጥኖ ይለምዳል። በስድስተኛው ሳምንት ሰውየው ሻንጣውን ሲዘጋ ልጁ እንደገና የሚተው ልጅ ይሆናል፤ ቀጣዩ ቡድን ሲመጣ ደግሞ እንደገና። በየወሩ የሚቀያየር እንግዳ ጭን ላይ የሚሮጥ ልጅ ደስተኛ ይመስላል፤ ሕፃናትን የሚያውቁ ባለሙያዎች ግን የመላመድ ችግር ምልክት ነው ይላሉ። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ የመጣን ሰው ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ከሠራተኞቻችሁ ጋር አሠሩት፤ ሒሳብ አያያዝ፣ የእርዳታ ጥያቄ አጻጻፍ፣ ኮምፒዩተር። ይህን የማይፈልግ ከሆነ የመጣው ለፎቶግራፍ ነው።

ሆኖም ከልጆች አጠገብ የሚደርስ ማንም ሰው ከአገሩ ፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ያምጣ። ሁለት መስካሪ ደውላችሁ አነጋግሩ። ከልጅ ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ አይገኝ፣ ልጅ ይዞ ሆቴል ወይም ጣና ዳር አይሂድ፣ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ ፎቶ አያንሳ፣ ስጦታ ለአንድ ልጅ ለይቶ አይስጥ። ደንቡን ሳይመጣ በፊት ይፈርም። ደንብ የሌለው ማኅበር ነገር ሲበላሽ የሚይዘው የለውም። ልጅ ወደ ውጭ ወስዶ ማሳደግ የሚያስብም ካለ በግልጽ ይነገረው፤ ይህ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይቀጠር ይላል። ፈቃዱ ለተወሰነ ሥራ ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ሲሆን በየዓመቱ ይታደሳል። «አልቀጠርነውም፣ በነፃ ነው» የሚለው መልስ ተቆጣጣሪ ፊት ብዙም አያስኬድም። ማኅበራችሁ የተመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሥር ስለሆነ የድጋፍ ደብዳቤውን ከዚያ ጀምሩ፤ ለስድስት ሳምንት ይህን ሁሉ መልፋት ያዋጣል ወይ የሚለውን ራሳችሁ መዝኑት።

ገንዘቡስ? አስተርጓሚ፣ ማደሪያ፣ መኪና፣ ቀኑን ሙሉ አብሮ የሚውል ሠራተኛ፣ በጾም ቀን ለብቻ የሚሠራ ምግብ፤ ደምሩት። ብዙ ጊዜ ስጦታው እንግዳውን ራሱን አስተናግዶ ያልቃል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ ኦዲተሩ ይህን ወጪ የት እንደሚመድበው አስቀድማችሁ ጠይቁት። ለተማሪዎቹ የምንጽፈው እኛ ብንሆን በዚያው የቲኬት ዋጋ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ማኅበራዊ ሠራተኛ ለወራት እንዲያስቀጥሩ እንለምናቸው ነበር። ልጆቹን በቋንቋቸው ታናግራቸዋለች፣ በስድስተኛው ሳምንትም አትሄድም።

«ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቃለች። ናይሮቢ ባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ልትሠራ ነው፤ ማደሪያ እንሰጣለን ብለዋታል። ለኬንያ ቪዛ አያስፈልግም አለችኝ። ልልካት ወይስ ይቅርባት?»
አባት፣ ከቡሬ

ጋሼ፣ ልጅዎ ስለ ቪዛው እውነቷን ነው፣ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። መግባትና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። ኬንያ ለተፈቀደለት የበጎ አድራጎት ሥራ ክላስ አይ የሚባል ፈቃድ አላት፤ የሚያመለክተውም ተቀባዩ ድርጅት ነው። «ስትመጣ እናስጨርሳለን» ካሉ፣ ማመልከቻው የገባበትን ማስረጃ እስኪልኩ ትቆይ።

ከዚያ በጽሑፍ የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ማደሪያው ምግብ ይጨምራል? ከማደሪያ ወደ ቢሮ ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? ብትታመም መድኑ የማን ነው? የመመለሻ ቲኬቱስ? በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ እነዚህን በብር አስቀምጣ በ12 ወር ታባዛው፤ ያኔ «በነፃ» የሚባለው ሥራ እርስዎን በዓመት ስንት እንደሚያስወጣዎት ይታያል። በልምዱ በኩል ካየነው ዓለም አቀፍ ሒሳብ አያያዝ፣ ለለጋሽ የሚቀርብ ሪፖርትና ኦዲት ካስነኳት ዓመቱ አይባክንም። ፋይል ደርዳሪ ካደረጓት ግን ቡሬ ላይ ተቀጥራ ብትሠራ ይሻላል፤ ስለዚህ የሥራ ዝርዝሩ በውሉ ላይ ይስፈር።

ከሄደች ፓስፖርቷን ለማንም አታስቀምጥ፣ ለቢሮ ኃላፊም ቢሆን። የፓስፖርቱና የውሉ ኮፒ እርስዎ ጋ ይቅር፣ ናይሮቢ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክም አብሮ ተጽፎ። የመመለሻ ትኬት የሚገዛ ገንዘብ ደግሞ ለቤት ኪራይም ለምንም እንዳይነካ በሷ ስም ለብቻው ይቀመጥ።